ለሰማይ የተከለለ ዝምታ

ወዳጆቼ፣ ጫጫታ እንዲያሳድድ ደመወዝ ስለተቆረጠለት አንድ ወጣት ልንገራችሁ። ስሙ ካርል ጃንስኪ ይባላል። ዓመቱ 1930 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። ቦታው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ሆልምደል የሚባል ገጠር፤ ድንች ይበቅልበት የነበረ ሜዳ።

በዚያን ጊዜ ቤል የተባለው የስልክ ኩባንያ የሰውን ድምፅ በሬዲዮ ሞገድ አትላንቲክን አሻግሮ ለንደን ማድረስ ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ችግሩ፣ በንግግሩ መሀል ሽሽታና ኳኳታ እየገባ ያስቸግራል። ኩባንያው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆነውን የፊዚክስ ምሩቅ ጠርቶ የጫጫታውን ምንጭ እንዲፈልግ አዘዘው። ጃንስኪ ከእንጨትና ከነሐስ ቱቦ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም አንቴና ሠራ። ከፎርድ ሞዴል ቲ መኪና የተፈቱ አራት ጎማዎች ላይ አቆመው፤ ሞተርም ገጠመለት። አንቴናው በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ እየዞረ አድማሱን ይቃኝ ጀመር። የሚያዳምጥበት ድግግሞሽ 20.5 ሜጋኸርዝ ነበር፣ አጭር ሞገድ ከሚባለው ክልል።

አጭር ሞገድ ስል ከእናንተ መሀል ዕድሜው ገፋ ያለው ወዲያው ይገባዋል። ማታ ማታ ከዋሽንግተን ወይም ከኮሎኝ ይተላለፍ የነበረውን የአማርኛ ዜና ለማዳመጥ የሬዲዮኑን መርፌ በቀስታ ሲገፉ፣ ከተናጋሪው ድምፅ ሥር የማያቋርጥ ሽሽታ ነበር። አንዳንዴም ሆን ተብሎ የተለቀቀ ጩኸት ይመጣና ተናጋሪውን ጨርሶ ይሸፍነው ነበር። ያን ጊዜ የጣቢያው ሰው ሌላ ሞገድ ይለውጥ፣ ወይም ኃይሉን ይጨምር ነበር።

ጃንስኪ እንግዲህ ሽሽታውን ነው የያዘው። ከአንድ ዓመት በላይ መዝግቦ ሦስት ዓይነት ጫጫታ ለየ። አንደኛው በቅርብ የሚወርድ መብረቅ፣ ሁለተኛው የሩቅ መብረቅ ነው። ሦስተኛው ደካማ፣ የማይቋረጥ፣ ምንጩ ያልታወቀ ነበር። መጀመሪያ ፀሐይን ጠረጠረ። ወራት ሲያልፉ ግን ድምፁ ፀሐይን እየቀደመ ሄደ፤ በየቀኑ በአራት ደቂቃ። ሳይዛነፍ የሚመለሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። የከዋክብትን ጉዞ የሚከታተል ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርስበት ጊዜ ነው። ጫጫታው ከምድር አልነበረም፣ ከፀሐይም አልነበረም። የሚመጣው አባቶቻችን ቀውስ ከሚሉት የኮከብ ክልል፣ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት ነበር።

ሜይ 5 ቀን 1933 ኒው ዮርክ ታይምስ ወሬውን በፊት ገጹ አወጣው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ጃንስኪን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው፤ ለስልኩ የሚያስፈልገው መልስ ተገኝቷልና። በ1950፣ በ44 ዓመቱ ዐረፈ። የከፈተው በር ምን ያህል እንደሰፋ አላየም። ዛሬ ከሰማይ የሚመጣ ሞገድ የሚለካው በስሙ ነው። አንድ ጃንስኪ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ኸርዝ ስፋት ላይ፣ ከነጥብ በኋላ 25 ዜሮ ተደርድሮ 1 ተብሎ የሚጻፍ የዋት ክፋይ ነው። የዘመናችን ቴሌስኮፖች የሚያሳድዱት ደግሞ ከዚህ ሚሊዮን ጊዜ የደከመውን ጭምር ነው። ኮከብ እንደ ዜና ጣቢያ ኃይሉን አይጨምርም፤ ሌላ ሞገድም አይለውጥም። የሚሰማው እኛ ዝም ካልን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሆላንድ እንሻገር። ዓመቱ 1944፤ አገሪቱ በናዚ ጦር እጅ ናት። ሌይደን ላይ ያን ኦርት የተባለው የከዋክብት ሊቅ ሄንክ ቫን ደ ሁልስት ለሚባል ተማሪ አንድ ጥያቄ ሰጠው፤ በከዋክብት መካከል የተበተነው ጋዝ በአንድ ቁርጥ ድግግሞሽ የሚሰማ የራሱ ምልክት ይኖረው እንደሆነ እንዲያሰላ። ወጣቱ አስልቶ መጣ። የሃይድሮጂን አቶም ውስጥ ያሉት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን እያንዳንዳቸው ጥቃቅን ማግኔት ናቸው። ኤሌክትሮኑ አቅጣጫውን ሲገለብጥ 21 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ይለቃል፤ በድግግሞሽ 1420.4 ሜጋኸርዝ። ብቻውን የተተወ አቶም ይህን እስኪያደርግ በአማካይ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ነገር ግን በሰማይ ላይ ከሃይድሮጂን የሚበዛ ነገር የለም፤ የዚያ ሁሉ አቶም ድምር ይሰማል።

ጦርነቱ አለፈ። ማርች 25 ቀን 1951 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃሮልድ ዩዊንና ኤድዋርድ ፐርሴል ከጣውላና ከመዳብ የሠሩትን አፈ ሰፊ አንቴና በላቦራቶሪው መስኮት አውጥተው ያን ድግግሞሽ ሰሙት። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በአንቴናው በኩል ወደ ክፍሉ ይገባባቸው ነበር፤ ከታች የሚያልፉ ተማሪዎችም የበረዶ ኳስ ይወረውሩበታል። በዚያው ዓመት የሆላንድና የአውስትራሊያ ሰዎችም ሰምተው አረጋገጡ። የፍኖተ ሐሊብ ክንዶች በስፋት የተነደፉት ይህን ሞገድ በመከተል ነው፤ አቧራ የሸፈነውን፣ በዓይን የማይታየውን የጋላክሲያችንን ገጽ የገለጠው 1420 ነው።

ጭንቀቱም አብሮ መጣ። የሬዲዮ ሞገድ የጋራ ሀብት ነው፤ በዚያው ዘመን ቴሌቪዥኑ፣ ራዳሩ፣ አውሮፕላኑ፣ ፖሊሱ ሁሉ ድርሻውን እየጠየቀ ነበር። ሌላው ሁሉ ሰው የመረጠው ድግግሞሽ ስለሆነ ሰው ሊያዛውረው ይችላል። የሃይድሮጂንን የመረጠው ተፈጥሮ ነው፤ ማንም አያዛውረውም። አንድ ባለ ራዳር 1420 ላይ ቢቀመጥ ጋላክሲው ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ በ1959 ጄኔቭ ላይ፣ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉባኤ ሲሰበሰብ፣ አስትሮኖመሮች ያልተለመደ ጥያቄ ይዘው ቀረቡ። በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ ሁሉ ለመናገር ፈቃድ የሚፈልግ ነው። እነሱ የጠየቁት ለማዳመጥ ነው፤ አንድም ዋት ሳያሰራጩ፣ አንድም ሳንቲም ሳያስገቡ፣ በሞገዱ ላይ ቦታ እንዲሰጣቸው። ጉባኤው ተቀበላቸው። የሬዲዮ አስትሮኖሚ እንደ አንድ አገልግሎት ታወቀ፣ ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድም ተከለለ። ዛሬ በኅብረቱ የሬዲዮ ደንብ፣ ቁጥር 5.340 በሚለው ማስታወሻ ሥር፣ በዚህ ባንድ ማንኛውም ስርጭት ክልክል ነው። ኢትዮጵያም የኅብረቱ አባል ናትና ክልከላው በእኛም ሰማይ ይሠራል። እኔ በሰው ልጅ ሕግ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል፣ ዋሽንግተንና ሞስኮ በብዙ ነገር በማይስማሙበት ዘመን፣ መንግሥታት ተቀምጠው 27 ሜጋኸርዝ ለሃይድሮጂን ተዉለት።

እዚህ ላይ ለእኛ የቀረበ ነገር አለና ላስገባው። ይኸው ባንድ የአፈርን እርጥበት ከጠፈር ለመለካት ያገለግላል። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ያወጣል፤ አፈርም ያወጣል። በዚህ ድግግሞሽ ደረቅ አፈር ደመቅ ብሎ ይታያል፣ ውሃ የጠጣው ይደበዝዛል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2009 ያመጠቃት ስሞስና ናሳ በ2015 ያመጠቃት ስማፕ የተባሉት ሳተላይቶች ይህን እየለኩ ምድርን ይዞራሉ፤ የቦረናን ግጦሽ፣ የራያን ማሳ፣ የኦጋዴንን ሜዳ ጭምር። ሰብል ሳይጠወልግ፣ ከብት ሳይከሳ በፊት የአፈሩ መድረቅ በመዝገባቸው ይታያል። ስሞስ ሥራ ስትጀምር ታዲያ በአውሮፓ፣ በእስያና በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከተከለከለው ባንድ ውስጥ ብዙ ሕገ ወጥ ስርጭት አገኘች። እንዲህ ያለ ምንጭ ባለበት አካባቢ የተለካው ልኬት አይታመንም፤ ይጣላል። ለየመንግሥታቱ አንድ በአንድ እየተጻፈ ከምንጮቹ ብዙዎቹ እንዲዘጉ ተደርጓል። ይህ ባንድ የጥቂት ሊቃውንት ጉዳይ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ዝናብ ጠብቆ የሚያድረውን ገበሬ ያስታውስልኝ።

ወደ ሰማዩ ልመለስ። በ27 ሜጋኸርዝ ብቻ ነገሩ አላለቀም። ዩኒቨርስ ይሰፋል፤ ጋላክሲዎች ከእኛ እየራቁ ሲሄዱ ሞገዳቸው ይለጠጣል፣ ድግግሞሹም ይወርዳል። የሩቅ ጋላክሲ ሃይድሮጂን 1300 ላይ፣ 1000 ላይ፣ ከዚያም በታች ነው የሚሰማው። እዚያ ደግሞ የአቪዬሽን ራዳር አለ፣ የመንገድ ጠቋሚ ሳተላይት አለ፣ ዝቅ ሲል የሞባይል ስልክ አለ። ያን ሁሉ መከልከል አይቻልም። የቀረው መንገድ ቦታን መከለል ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖች፣ አንዱ እንዲህ ያለ ቦታ ከእናንተ አይርቅም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል ስትነዱ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሀል፣ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ታዛቢ ጣቢያ ያለበት ግሪን ባንክ ትደርሳላችሁ። በ1958 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዙሪያው 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ጸጥታ የሚጠበቅበት ክልል ብሎ ወሰነ። በክልሉ ውስጥ ቋሚ ማሰራጫ የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ ከታዛቢ ጣቢያው ጋር መነጋገር አለበት። 100 ሜትር በሚሰፋው ቴሌስኮፕ አጠገብ የሚነዱት መኪኖች ናፍጣ ናቸው፤ የቤንዚን መኪና ካንዴላ በእያንዳንዱ ብልጭታው የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫልና። የተበላሸ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስም፣ የከብት አጥር የኤሌክትሪክ ሽቦም ለዚያ ጆሮ ትልቅ ነገር ነው።

በአፍሪካም አለ። ደቡብ አፍሪካ በ2007 ለዚሁ ብላ አዋጅ አወጣች፤ የካሩን በረሃማ ሜዳ ለአስትሮኖሚ ከለለች። በ2018 የተመረቁት 64ቱ የሚርካት ሳህኖች እዚያ ቆመዋል፤ አሁንም በዓለም ትልቁ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ኤስኬኤ፣ አንዱ ክፍሉ በዙሪያቸው እየተገነባ ነው። ጎረቤታችን ኬንያን ጨምሮ ስምንት የአፍሪካ አገሮች የዚህ ሥራ አጋር ናቸው። በካሩ የሚኖሩ በግ አርቢዎች የሞባይል መገናኛቸው ስለተነካ ቅሬታ አሰምተዋል። ቅሬታቸው እውነተኛ ነው። ለዓለም ሁሉ የሚጠቅመውን ዝምታ ዋጋ የሚከፍሉት እነሱ ከሆኑ ቴሌስኮፑን የሚያቆመው ሁሉ በሌላ መንገድ ሊያገናኛቸው ግዴታ አለበት።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ዝቅተኛ ጫጫታን አጣርቶ መጣል አይቻልም ወይ? ይላል ሰው። የሚቻለው ይጣላል፤ ኮምፒውተር ቀን ከሌሊት ይህን ይሠራል። አስቸጋሪው ነገር ከሰማይ የሚመጣ አዲስ ነገር መጀመሪያ ሲታይ ጫጫታ መምሰሉ ነው። የጃንስኪ የጋላክሲ ድምፅ የስልክ ብልሽት ነበር የመሰለው። በ1967 ካምብሪጅ አጠገብ ጆስሊን ቤል የምትባል የዶክትሬት ተማሪ፣ በ81.5 ሜጋኸርዝ ከተቀዳ ረጅም የወረቀት መዝገብ ላይ አንዲት ትንሽ የቀለም ጭረት አየች። ሰው ሠራሽ ጫጫታ ነው ተብሎ ሊታለፍ የሚችል ነገር ነበር። እሷ አላለፈችውም። ጭረቷ እንደ ጃንስኪ ድምፅ ከከዋክብት ጋር አብራ እየተመለሰች ነበርና፤ በፍጥነት ሲቀዳ በየ1.337 ሰከንድ የሚመታ ምት ሆኖ ተገኘ። ከሞተ ግዙፍ ኮከብ የቀረ፣ እየተሽከረከረ የሚመታ ፐልሳር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። የ1974ቱ ኖቤል ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፤ እሷን ዘለላት፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። በ2018 ሌላ ታላቅ ሽልማት ስታገኝ ገንዘቡን በሙሉ ዕድል ላላገኙ ተማሪዎች ማስተማሪያ ሰጠችው።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ታሪክ ግን ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ቦታው አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ፓርክስ ነው። በገበሬ መሬት መሀል 64 ሜትር የሚሰፋ ሳህን ከ1961 ጀምሮ ቆሟል። በ1969 የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ሲራመድ ዓለም ከተመለከተው ምስል አብዛኛውን የተቀበለው ይኸው ቴሌስኮፕ ነው።

በ2007 ዳንከን ሎሪመርና ባልደረቦቹ በፓርክስ በ2001 የተቀዳ መዝገብ ሲፈትሹ አንድ ብልጭታ አገኙ። ዕድሜው ከአምስት ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ከፍተኛው ድግግሞሽ ቀድሞ ደርሷል፣ ዝቅተኛው እየዘገየ ተከትሏል። ሞገድ እንዲህ የሚዘገየው በጉዞው ላይ በተበተኑ ኤሌክትሮኖች መካከል ሲያልፍ ነው፤ መዘግየቱ በበዛ ቁጥር ያቋረጠው ኤሌክትሮንም ብዙ ነው። በዚህ ስሌት ብልጭታው ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ፣ ከቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በላይ የመጣ ሆነ። ከዚያ ርቀት እንዲህ የሚጮህ ምን ነገር ነው? ማንም አያውቅም ነበር።

ብዙዎች ተጠራጠሩ። በ2011 ደግሞ ሣራ በርክ-ስፖላዎርና ባልደረቦቿ ከዚያው ከፓርክስ መዝገብ ውስጥ 16 ሌሎች ብልጭታዎች አወጡ። እነሱም ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ይወርዳሉ፤ ለመዘግየታቸውም መጠን የሎሪመርን ይቀርባሉ። ልዩነቱ፣ ቴሌስኮፑ 13 ጆሮ አለው፣ እያንዳንዱም ወደ ተለየ የሰማይ ነጥብ ያዳምጣል፤ እነዚህ ግን በ13ቱም በአንድ ጊዜ ገብተዋል። አንድ ኮከብ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ምንጫቸው እዚሁ ምድር ላይ ነው። ፔሪቶን ብለው ሰየሟቸው፤ ክንፍ ያለው አጋዘን ሆኖ ጥላው የሰው ነው የሚባልለት የልብ ወለድ እንስሳ ስም ነው።

የነገሩን ክብደት እዩልኝ። ፔሪቶን የሰው ሥራ ከሆነ፣ መልኩም የሎሪመርን ብልጭታ ከመሰለ፣ የሎሪመር ብልጭታ ራሱ የሰው ሥራ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? አንድ የሳይንስ ዘርፍ ገና ሳይወለድ በጥርጣሬ ሊቀር ነው።

ኤሚሊ ፔትሮፍ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች ከባልደረቦቿ ጋር ጉዳዩን ያዘችው። ፔሪቶኖቹ የሚመጡት በሥራ ሰዓት፣ በአብዛኛውም በሥራ ቀን ነበር። ሰማይ ደግሞ እሑድን አያውቅም። ቴሌስኮፑ አጠገብ በሰፊ የድግግሞሽ ክልል ጫጫታን የሚመዘግብ አዲስ መሣሪያ ተተከለ። በጃንዋሪ 2015፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ፔሪቶን ተገኘ። አዲሱን መሣሪያ ሲያዩ በሦስቱም ጊዜ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ብርቱ ስርጭት አለ። ምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ የሚሠራው እዚያ ነው።

በግቢው ያሉትን ማይክሮዌቮች ሞከሩ። ውሃ አስገብተው ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቁ፤ ቴሌስኮፑ ምንም አልሰማም። እንደገና አስነሡት፣ አሁን ሰዓቱ ሳይሞላ በሩን ከፈቱት። ፔሪቶን መጣ። በሩ ሲከፈት ሞገድ አመንጪው ክፍል ወዲያው አይሞትም፤ እየጠፋ ባለባት ቅጽበት፣ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ እየወረደ፣ ቴሌስኮፑ በሚያዳምጥበት 1.4 ጊጋኸርዝ ያፏጫል። ሳህኑ ወደዚያ አቅጣጫ ዞሮ ከነበረ ይሰማዋል።

ይህ ምርመራ የሎሪመርን ብልጭታ ከጥርጣሬ አወጣው። የሰው ሥራ የሆነው የራሱ አሻራ ተገኝቶለታልና አሻራው የሌለበት ተለይቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጣን ነው። በ2017 ደጋግሞ የሚጮህ አንድ ምንጭ፣ ሦስት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ከሚርቅ ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። በ2020 ዣን-ፒየር ማካርና ባልደረቦቹ የእነዚህን ብልጭታዎች መዘግየት ተጠቅመው፣ ሊቃውንት ለዓመታት ሲፈልጉት የነበረውን የዩኒቨርስ ተራ ቁስ በጋላክሲዎች መካከል ተበትኖ አገኙት። አንድ ማይክሮዌቭ ይህን ሁሉ ሊሸፍነው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሌላ ስንት ብልጭታ በስንት ጫጫታ ሥር ተቀብሮ እንዳለፈ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ያልተሰማ ነገር መዝገብ የለውምና።

ማይክሮዌቭ በኩሽና ነው፤ በሩን መዝጋት ይቻላል። ጫጫታው ከላይ ሲመጣስ?

በ1982 ሶቪየት ኅብረት ግሎናስ የተባሉ መንገድ ጠቋሚ ሳተላይቶችን ማምጠቅ ጀመረች። የሚያሰራጩት 1602 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ እስከ 1616 ነበር። በዚያ መሀል፣ 1612 ላይ፣ ያረጁ ቀይ ኮከቦች ቅርፋቸውን እየጣሉ ሲሞቱ የሚሰሙበት የሃይድሮክሲል ሞለኪውል ድምፅ አለ። ተራራ መሀል ብትደበቁ ሳተላይት ከላይ ያገኛችኋል። አስትሮኖመሮች ለዓመታት ጮኹ። በ1992 ጉባኤ ለዚያ ባንድ ቀዳሚ መብት አገኙ፤ በ1993 ደግሞ፣ ሶቪየት ፈርሳ ሩሲያ በተተካችበት ዘመን፣ ከግሎናስ አስተዳደር ጋር ተፈራረሙ። ሩሲያውያኑ ሳተላይቶቹ በምድር ተቃራኒ ጎን ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ድግግሞሽ እንዲጋሩ አደረጉ፤ በዚህ ድግግሞሽ ተቆጠበና ስርጭቱ ከ1612 ቀስ በቀስ ሸሸ። ወታደራዊ ሥርዓት ለከዋክብት ሲል ቦታ ለቀቀ። ይህ የሚቻል ነገር መሆኑን የማይቀበል ሰው ሲገጥመኝ ሁልጊዜ የምነግረው ይህን ነው።

አሁን ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። ግሎናስ በደርዘን የሚቆጠር ነበር። ከሜይ 2019 ጀምሮ የስታርሊንክ ሳተላይቶች በአንድ ማምጠቂያ 60 እየሆኑ ወጡ፤ ዛሬ በሺዎች ናቸው፣ ሌሎች ኩባንያዎችም እየተከተሉ ነው። ለገጠር ትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ኢንተርኔት ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ይህን ማናናቅ አልፈልግም። በ2023 ግን ሎፋር በተባለው፣ ማዕከሉ ሆላንድ በሆነ ቴሌስኮፕ 68 ሳተላይቶችን ያዳመጡ ሊቃውንት፣ ከ47ቱ ማንም ያላሰበው ሞገድ ሰሙ፤ ከ110 እስከ 188 ሜጋኸርዝ። ስርጭት አይደለም፤ በውስጣቸው ካለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚያፈስ ነው። ከክልሉ ውስጥ ለአስትሮኖሚ የተከለለ ባንድ አለ። በ2024 አዲሶቹን ሳተላይቶች ሲያዳምጡ ልቀቱ እስከ 32 እጅ በርትቶ ተገኘ። የዓለም አቀፉ ደንብ የሚገዛው ሆን ተብሎ የሚሰራጨውን ነው፤ ከሳተላይት ሆድ የሚያፈስሰውን በቀጥታ የሚገዛ አንቀጽ የለም።

ኩባንያውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። በአሜሪካ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሰዎችና የሳተላይቱ ባለቤቶች አብረው ሠርተዋል፤ ቴሌስኮፑ ወዴት እንደሚያይ ለሳተላይቶቹ ይነገራቸዋል፣ እነሱም ሲያልፉበት ጨረራቸውን ዘወር ያደርጋሉ። ሙከራው ሠርቷል። ነገር ግን ይህ በበጎ ፈቃድ የተደረገ ነው። ነገ ሌላ ኩባንያ፣ በሌላ አገር ሕግ ሥር፣ አልፈልግም ቢል የሚያስገድደው የለም። ግሪን ባንክና ካሩም ቢሆኑ መሬታቸውን እንጂ ከላያቸው የሚያልፈውን አልከለሉም።

ስለዚህ ነገሩ እንደገና ወደ ጉባኤ ተመልሷል። በ2027 የሚሰበሰበው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ አጀንዳ 1.16 ይህን ይዟል፤ ጸጥታ የተከለለባቸውን ቦታዎችና ለአስትሮኖሚ የተሰጡትን ባንዶች በዝቅተኛ ምህዋር ከሚዞሩ የሳተላይት መንጋዎች ድምር ጫጫታ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል። ድምር የሚለው ቃል ዋና ነው፤ አንዱ ሳተላይት ደንቡን ሳይጥስ፣ ሺህ ሆነው ሲያልፉ ግን ቴሌስኮፑን ማደንቆር ይችላሉ። የገንዘብ ጉልበት ያላቸው ጥያቄዎች በዚያው አዳራሽ ተሰልፈዋል፤ ስልክ በቀጥታ ከሳተላይት፣ አዳዲስ የሞባይል ባንዶች፣ ሌላም ሌላም። ለእያንዳንዳቸው የሚሟገት ኩባንያ አለ። የአፍሪካ አገሮች በአንድ ድምፅ ከቆሙ የጉባኤውን ሚዛን መወሰን ይችላሉ፤ የካሩ ሳህኖችም የአህጉራችን ናቸው። የእኛ መልእክተኞች ለሞባይልና ለኢንተርኔት ሲከራከሩ፣ ያም ተገቢ ነው፣ አጀንዳ 1.16 ሲነሣ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካና ከኬንያ ጎን ሆነው ጥበቃውን እንዲደግፉ፣ ከ1400 እስከ 1427 ባለው ባንድም በአገራችን የሚፈስ ጫጫታ ካለ ተፈልጎ እንዲዘጋ እጠይቃለሁ፤ ለጋላክሲውም፣ ለቦረናው ግጦሽም።